ለአማርኛ ውክፔዲያ ማን ይጽፋል?

ስለ አርባ ምንጭ፣ ስለ ወላይታ ሶዶ ወይም ስለ ሆሳዕና በኢንተርኔት የተጻፈውን የሚያገላብጥ ሰው፣ ከተሞቹ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ እንደሚገኙ ዛሬም ደጋግሞ ያነባል። ያ ክልል አሁን የለም። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ዓ.ም. ተከተለ፤ የቀረው በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የደቡብ ኢትዮጵያ እና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተብሎ ተከፈለ። ከስማቸው ጎን የሚሰፍረው የሕዝብ ብዛትም አብዛኛውን ጊዜ ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የተወሰደ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደምና።

ይህን ማስተካከል የማን ሥራ ነው? ጽሑፉ የወጣው በጋዜጣ ቢሆን አዘጋጁን፣ በመሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ቢሆን የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉን መጠየቅ ይቻላል። ማንም ሊጽፍበት በሚችለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት፣ በውክፔዲያ ላይ ከሆነ ግን የሚጠየቅ ተቀጣሪ የለም። ስሕተቱን ያየ አንባቢ ራሱ እንዲያርመው ታስቦ የተሠራ ነው። ይህን ልማድ አድርገው የያዙት ሰዎች በጎ ፈቃደኛ አርታኢዎች ይባላሉ። ደመወዝ የላቸውም፤ አብዛኞቹም በእውነተኛ ስማቸው አይታወቁም።

ጂሚ ዌልስ እና ላሪ ሳንገር ውክፔዲያን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2001 ነው። ዛሬ ከ300 በሚበልጡ ቋንቋዎች ይጻፋል። የእንግሊዝኛው እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ሰባት ሚሊዮንኛ መጣጥፉን አስመዝግቧል። መቀመጫውን ሳን ፍራንሲስኮ ያደረገው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ከአንባቢዎች በሚሰበስበው መዋጮ ሰርቨሮቹን ያስተዳድራል፣ ለፕሮግራም ሠሪዎችና ለጠበቆች ይከፍላል፤ መጣጥፎቹን ለሚጽፉት ግን ምንም አይከፍልም። የአማርኛው ውክፔዲያ 15 ሺህ ገደማ መጣጥፎች አሉት። በደቡብ አፍሪካ የሚነገረው፣ ተናጋሪዎቹ ከአማርኛ ተናጋሪዎች በእጅጉ የሚያንሱት የአፍሪካንስ ቋንቋ ደግሞ ከ100 ሺህ በላይ አለው።

ይህን ንጽጽር የሚሰማ ሰው ቁጭት ይይዘውና «ቶሎ ቶሎ እንጻፍ፣ ቁጥሩን እናሳድግ» ይላል። ቁጭቱ ይገባኛል፤ እኔም እጋራዋለሁ። መፍትሔው ግን ወደማንፈልገው ቦታ ሊያደርሰን ይችላል። በፊሊፒንስ የሚነገረው ሴብዋኖ ከስድስት ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች ስላሉት በብዛት ከእንግሊዝኛው ቀጥሎ ከሚጠሩት አንዱ ሆኗል። አብዛኞቹን የጻፋቸው ሰው አይደለም፤ ስቬርከር ዮሐንሶን የተባለ ስዊድናዊ የሠራው ቦት፣ ማለትም በራሱ የሚጽፍ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ቦቱ ከመረጃ ቋት እየቀዳ ስለ ነፍሳት ዝርያዎች፣ ስለ ኮረብታዎችና ስለ ወንዞች ሁለትና ሦስት ዓረፍተ ነገር እያደረገ አሰፈረ። የግብፅ ዓረብኛውም ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ መጣጥፎች ሲኖሩት አብዛኛው የተገኘው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ቁጥር ማሳደግ ቀላል ነው ማለት ነው። አማርኛ የቸገረው ጽፎ ሳይሄድ የሚቆይ፣ መጽሐፍ ገልጦ የሚያመሳክር፣ ሌላው የጻፈውንም የሚከታተል ሰው ማግኘት ነው።

ማሽን የጻፈው አማርኛ

የጎግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጣ። አሁን አንድ ሰው አንድም የአማርኛ ፊደል ሳይለይ በአንድ ቀን ምሽት መቶ «የአማርኛ» መጣጥፍ ማውጣት ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው የሚጻፈው እንዴት ይብዛ ከሚለው አልፎ፣ እንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ሲመጣ ማን ያነበዋል ወደሚለው ዞሯል።

ያነበበው ሰው ወዲያው ያውቀዋል። በሴት ተጀምሮ በወንድ የሚያልቅ ዓረፍተ ነገር፣ በአንዱ አንቀጽ ውስጥ በሦስት ዓይነት ፊደል የተጻፈ የአንድ ሰው ስም፣ የሰው የቤተሰብ ስም እንደ ተራ ቃል ተተርጉሞ መገኘት፣ ግሥ ርቆበት መጨረሻው የማይጨበጥ ሐረግ፤ እነዚህ ሁሉ የማሽን ምልክቶች ናቸው። የሚያሳስበው ግን ለማያውቅ ሰው ትክክለኛ አማርኛ መምሰሉ ነው። አስተማሪ ያልነገረው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የመዝገበ ዕውቀት አማርኛ እንዲህ ነው ብሎ ይቀበለዋል።

ሌሎች ቋንቋዎች ምን እንደደረሰባቸው ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 በስኮትላንድ የሚነገረው የስኮትስ ቋንቋ ውክፔዲያ ትልቅ ክፍል በአንድ ቋንቋውን በማይናገር አሜሪካዊ ወጣት የተጻፈ መሆኑ ታወቀ። ልጁ የጀመረው ገና በ12 ዓመቱ ነበር፤ የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይዞ ቃላቱን አንድ በአንድ ከመዝገበ ቃላት እየተካ ከ20 ሺህ በላይ መጣጥፎችን ጻፈ። ክፋት አልነበረበትም፤ ቋንቋውን የሚረዳ መስሎት ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ቋንቋውን የሚያውቁ በቂ አንባቢዎች በቦታው ስላልነበሩ የያዘው አልተገኘም። የግሪንላንድ ቋንቋ ውክፔዲያ ደግሞ አብዛኛው ይዘቱ ቋንቋውን በማይናገሩ ሰዎች የገባ፣ ብዙውም ትርጉም አልባ የማሽን ጽሑፍ ሆኖ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2025 እንዲዘጋ ተወሰነ።

ጉዳቱ በገጹ ላይ ብቻ አይቀርም። የቋንቋ ሞዴሎች፣ ማለትም ጽሑፍ የሚያነብቡና የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች፣ የሚማሩት ከተጻፈ ነገር ነው፤ ውክፔዲያ ደግሞ ነፃና በአንድ ቦታ የተሰበሰበ ስለሆነ ቀድሞ የሚወሰድ ምንጭ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ባለ ብዙ ቋንቋው በርት የተባለ ሞዴል የተማረው በውክፔዲያ ብዛት ካላቸው 104 ቋንቋዎች ሲሆን አማርኛ ከእነርሱ ውስጥ አልነበረም። ተመራማሪዎች በኋላ በአማርኛ ጽሑፍ ሲሞክሩት ፊደሉን እንኳ አያውቀውም ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ሞዴሎች ከመላው ኢንተርኔት ስለሚሰበስቡ አማርኛን ያውቃሉ። ማሽን የተረጎመው አማርኛ በውክፔዲያ ላይ ሰው እንደጻፈው ተቆጥሮ ከተቀመጠ ግን፣ ቀጣዩ ማሽን ትክክለኛ አማርኛ ነው ብሎ ከዚያው ይማራል፤ የተማረውንም መልሶ ለእኛ ይጽፍልናል። አንድ በጎ ፈቃደኛ ቁጭ ብሎ የተበላሸ አንቀጽ ሲያቃና እያቃና ያለው ያንን አንቀጽ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ሰው ሳያያቸው ከሰው ሠራሽ አስተውሎት በቀጥታ የተገለበጡ ገጾች ያለ ረጅም ውይይት እንዲሰረዙ የሚያስችል ደንብ አጽድቋል። ደንቡን መቅዳት ይቻላል። ለማስፈጸም ግን በየቀኑ አዲስ የሚገቡትን ገጾች የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤ ትንንሾቹ ውክፔዲያዎች የሚሰናከሉትም እዚሁ ላይ ነው።

መጽሐፉ ያለው አዲስ አበባ ነው

ውክፔዲያ የራሱን ጥናት አያወጣም። አርታኢው የሚያውቀውን ሳይሆን ታትሞ የወጣና ሌላ ሰው ሊያመሳክረው የሚችል ነገር ነው የሚጽፈው። አዲስ ጀማሪዎች «ስለ አያቴ አገር ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?» ብለው የሚቆጡት በዚህ ደንብ ነው። ቁጣው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ደንቡ ባይኖር ግን እኔ ስለ አያቴ አገር የጻፍኩትን ጎረቤቴ ቢያጠፋው ማን ልክ እንደሆነ ለመለየት መንገድ አይኖርም።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ማስረጃው በኢንተርኔት ላይ መገኘት የለበትም። የተክለ ጻድቅ መኩሪያ የታሪክ መጻሕፍት፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን፣ አዋጆች የሚወጡበት ነጋሪት ጋዜጣ፣ የዩኒቨርሲቲ መጽሔቶች፣ ሁሉም በርዕስ፣ በዓመተ ምሕረትና በገጽ ቁጥር ከተጠቀሱ ሙሉ ማስረጃ ናቸው። ይህ ለእኛ ትልቅ በር ነው። በሐምቡርግ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ስለ አገራችን ከተሠሩት ሁሉ ሰፊው ነው፤ ነገር ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ዋጋውም ለተራ አንባቢ የሚደፈር አይደለም። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ወይም ወመዘክር ገብቶ አንድ ከሰዓት በኋላ መቀመጥ የሚችል ሰው ግን በሌላ አገር ያለ ተርጓሚም ሆነ ማሽን የማያገኘው ነገር በእጁ አለ። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የአማርኛ መጣጥፍ፣ ቢያምር እንኳ፣ ዓለም ቀድሞ የሚያውቀውን ነው የሚደግመው። ከአማርኛ መጽሐፍ የተጻፈው ግን አዲስ ነገር ይጨምራል። ጊዜ ያለው በጎ ፈቃደኛ የትኛውን ልሥራ ብሎ ቢጠይቀኝ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እለዋለሁ።

የታተመ ማስረጃ የሌላቸው ብዙ ነገሮች አሉን፤ ይህም የደንቡ ትልቁ ድካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የፊዚክስ ኖቤል ያገኘችው ዶና ስትሪክላንድ ሽልማቱ እስኪታወጅ ድረስ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ገጽ አልነበራትም፤ በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ የቀረበው ረቂቅ በቂ የሁለተኛ ወገን ማስረጃ (ሌሎች ስለ እርሷ ጽፈው ያሳተሙት) የለውም ተብሎ ተመልሶ ነበር። ካናዳ ውስጥ ላለች ሳይንቲስት እንዲህ ከሆነ፣ በገጠር አርባ ዓመት ያገለገለች አዋላጅ ወይም ዜማው በመጽሐፍ ያልተጻፈለት አዝማሪ እንዴት ይገባል? እ.ኤ.አ. በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ የቃል ምስክርነትን በድምፅ ቀርጾ እንደ ማስረጃ የመጥቀስ ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ ብዙ ክርክር አስነሣ፣ ጠቅላላ ደንብ ግን አልሆነም። ለእኛ የሚያዋጣው መንገድ ሁለት ደረጃ ያለው ይመስለኛል። መጀመሪያ የቃል ታሪኩን የባህል ቢሮ ወይም የዩኒቨርሲቲ መጽሔት ያትመው፤ ከዚያ ውክፔዲያ ይጥቀሰው። ዘገምተኛ ነው፤ ነገር ግን ታሪኩም ደንቡም ይጠበቃሉ።

ስለ ዓመተ ምሕረት አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም በአማርኛ ገጾች ላይ ከዚህ የሚበዛ ስሕተት ያለ አይመስለኝም። የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ከእንግሊዝኛ የሚገለብጥ ሰው 1896 የሚለውን ያይና «በ1896 ዓ.ም.» ብሎ ይጽፈዋል፤ በዚህም ድሉ ስምንት ዓመት ወደፊት ይሄዳል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወር ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ስለሆነ ወሩን ያላወቀ ሰው በልበ ሙሉነት ሊለውጠው አይችልም። እንዲህ ያለውን የሚያስተካክል አርታኢ የአንዲት ቁጥር ለውጥ አድርጎ ይወጣል፤ በለውጦች ዝርዝር ላይ ከሁሉ ትንሹ ሆኖ ይታያል። እኔ ግን ከብዙ አዳዲስ ገጾች የምመርጠው ይህን ነው።

ፊደላችንም የራሱ ሥራ አለው። ዐፄ፣ ዓፄ፣ አፄ፣ አጼ፤ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ። አንባቢው በአንዱ ሲፈልግ መጣጥፉ በሌላው ተጽፎ ይገኛል። የለም ብሎ ይሄዳል፤ አንዳንዱም አዲስ ይጀምርና በአንድ ንጉሥ ላይ ሁለት ግማሽ መጣጥፎች ይኖራሉ። መፍትሔው ከአንዱ አጻጻፍ ወደ ሌላው የሚያሻግር መምሪያ መንገድ መክፈት፣ ተደጋግመው የተጻፉትንም ማዋሐድ ነው። ለዚህ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ በስልክም ይሠራል። ለጀመረ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

የቅጂ መብቱን በአጭሩ፦ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ ሐሳቡንና መረጃውን በራስ ቃል መጻፍ እንጂ ገጹን መገልበጥ አይፈቀድም። ከፌስቡክ የተወሰደ ፎቶም እንዲሁ። አርታኢው የጻፈውን ደግሞ ምንጩን ጠቅሶ ማንም እንዲጠቀምበት፣ ለንግድም ቢሆን፣ አስቀድሞ ፈቅዷል፤ ይህን ሳያውቁ መግባት በኋላ ቅሬታ ያመጣል።

አንቱ ማን፣ አንተ ማን

ገለልተኝነት በሁሉም ቋንቋ ይከብዳል። በአማርኛ ግን እንግሊዝኛ የማያውቀው ተጨማሪ ፈተና አለው። ስለ አንድ ሰው ስንጽፍ «ነገሠ» እንላለን ወይስ «ነገሡ»? «ተናገረ» ወይስ «ተናገሩ»? ከሌላ ቋንቋ የመጣ ደንብ ለዚህ መልስ የለውም። በተግባር የሚታየው ጸሐፊው የሚወዳቸውን በአክብሮት፣ የሚጠላውን በአንተታ መጻፉ ነው። አንድም የስድብ ቃል ሳይኖርበት፣ ማስረጃው ሁሉ ተሟልቶ፣ በግሡ መጨረሻ ብቻ ፍርድ የተሰጠበት መጣጥፍ ይኖራል። ማሽን ሲተረጉም ደግሞ በአንዱ አንቀጽ ውስጥ ሁለቱን ይቀላቅላል።

አስተያየቴ ግልጽ ነው። የትኛውም ቢመረጥ ለሁሉም እኩል ይሁን። ዐፄ ቴዎድሮስ «ነገሡ» ከተባሉ የተዋጓቸው መሳፍንትም «ዘመቱ» ይባሉ፤ የአንዱ ፓርቲ መሪ «አስታወቁ» ከተባለ የተቃዋሚውም እንዲሁ። ይህን ከየመጣጥፉ ጎን አርታኢዎች በሚነጋገሩበት የውይይት ገጽ ላይ አንድ ጊዜ ተስማምቶ መጻፍ በኋላ የሚመጣ ብዙ ጠብ ያስቀራል። ከእኛ ሌላ ሊወስነውም የሚችል የለም።

የሚያጨቃጭቀው ቁጥር ሲሆን ነገሩ ይቀላል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ኃይል በአንድ ወቅት 6,450 ሜጋ ዋት ይባል ነበር፤ በኋላ 5,150 ሆነ፤ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የተነገረውም ይኸው ነው። ጥሩ አርታኢ አንዱን አጥፍቶ ሌላውን አይተካም። የቀድሞው መቼና በማን እንደተነገረ፣ መቼ እንደተለወጠ ይጽፋል፤ ግብፅና ሱዳን የሚሉትንም እነርሱ እንዳሉት አድርጎ ከነምንጩ ያስቀምጣል። ይህን ማድረግ አገርን መካድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን የሌላውን ወገን ክርክር በትክክል የያዘ ገጽ ነው የራሳችንንም መልስ በሚገባ ሊይዝ የሚችለው።

ጦርነትና ማንነት ሲነሣ ጉዳዩ ይጠናል። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ የአፍሪካ ቀንድን ጉዳዮች፣ አስተዳዳሪዎች (ገጽ የመሰረዝና ሰው የማገድ ሥልጣን የተሰጣቸው አርታኢዎች) ከወትሮው ጠንከር ያለ እርምጃ ሊወስዱባቸው ከሚችሉ አከራካሪ ርዕሶች ውስጥ አስገብቷል። እዚያ አንድ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌላውን ለውጥ ከሰረዘ ይታገዳል። በአማርኛው ይህን የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሥራዬ ብለው በየሳምንቱ የሚመላለሱት በጣም ጥቂት ናቸው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላልና፣ ባለቤት የሌለው ገጽ ላይ የማይጻፍ ነገር የለም። አንዱ ራሱን ታዋቂ ዘፋኝ አድርጎ ያስገባል፤ ሌላው የአለቃውን የሕይወት ታሪክ፤ ድርጅቶች ማስታወቂያቸውን። የባሰው ግን ጥቂት ሰዎች ተባብረው ቁልፉን ሲይዙት ነው። የክሮኤሽያ ቋንቋ ውክፔዲያ ለአሥር ዓመት ያህል በአንድ የአስተዳዳሪዎች ቡድን እጅ ወድቆ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ታሪክ ተዛብቶ ሲጻፍበት ቆይቷል፤ ፋውንዴሽኑ ያስጠናው ጥናት ይህን በይፋ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። አማርኛን ከዚህ የሚጠብቀው የሚከታተሉት ሰዎች መብዛትና ከተለያየ አመለካከት መምጣት ብቻ ነው።

ለምን አይቆዩም?

ሰው ይመጣል፤ አይቆይም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ሞባይል ዳታ ገንዘብ ነው፤ መብራትም ኔትወርክም ይጠፋል። ኢንተርኔት ሲዘጋ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ሐጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ለሳምንታት እንደሆነው፣ ሁሉም ነገር ይቆማል። ማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ ሲዘጋ ሰው ቪፒኤን ይከፍታል፤ ውክፔዲያ ደግሞ አጥፊዎችን ለመከላከል በቪፒኤን የሚመጣ አርትዖትን ያግዳል። በአፍሪካ ያሉ የሞባይል ኩባንያዎች አንድን የኢንተርኔት አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ስለሚያጋሩም፣ አንዱ ባጠፋ ሌላው ምንም ሳያደርግ «ታግደሃል» የሚል መልእክት ይጠብቀዋል። ለሁለቱም መፍትሔ አለ፤ አካውንት ከፍቶ ከእገዳው ነፃ እንዲደረጉ መጠየቅ ይቻላል። ለጀማሪ ግን ይህን የሚነግረው ሰው የለም። የመጀመሪያ ጽሑፉ ያለ ማብራሪያ የተሰረዘበትም እንዲሁ ተከፍቶ ይሄዳል። አጭር የውይይት ገጽ መልእክት፣ «ማስረጃው ስለጎደለ ነው፤ እንዲህ አድርገህ መልሰው» የምትል፣ ከማንኛውም ሥልጠና የተሻለ ሰው ታቆያለች ብዬ አምናለሁ።

በውጭ ያሉት ወገኖች እዚህ ላይ ሊሸከሙት የሚችሉት ድርሻ አለ። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ስቶክሆልም ያለ ሰው የማይቋረጥ መስመር አለው፤ አዲስ የገቡ ለውጦችን ማየት፣ የተበላሸውን መመለስ፣ ሁለት የተደረቡ ገጾችን ማዋሐድ ይችላል። መጽሐፉ ያለው ግን አዲስ አበባ ነው። አንዱ ምንጩን እያመሳከረ ገጽ ቁጥሩን ሲልክ፣ ሌላው ሲያሰፍርና ሲጠብቅ፣ ሁለት ሰዎች የአንድ አውራጃን ታሪክ በጥቂት ወራት ውስጥ በወጉ ሊያደራጁ ይችላሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላሉት ጥንቃቄ መናገር ይገባኛል። በሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 የታሰሩ ሁለት የዓረብኛ ውክፔዲያ በጎ ፈቃደኞች ረጅም እስራት እንደተፈረደባቸው የመብት ተሟጋቾች አስታውቀዋል። ከሚኖሩበት አገር ፖለቲካ የራቀ ርዕስ መምረጥና በብዕር ስም መጻፍ ነውር የለበትም፤ ደንቡም ይፈቅደዋል።

ሌላው ፈተና አንባቢው ራሱ መራቁ ነው። ፋውንዴሽኑ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 እንዳስታወቀው የሰዎች ጉብኝት ከቀደመው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ስምንት በመቶ ያህል ቀንሷል፤ ሰዎች መልሱን ከመፈለጊያ ገጹና ከቻትቦት አግኝተው ስለሚሄዱ። መልሱ የተወሰደው ከውክፔዲያ ሆኖ ሳለ ገጹን ያላየ ሰው ስሕተቱን አያርምም። በእንግሊዝኛ ከብዙ ሺህ አርታኢዎች ጥቂቱ ቢቀንስ ሥራው ይቀጥላል። በአማርኛ ሦስት ሰዎች ሲተዉት ወዲያው ይታወቃል።

መፍትሔ ተብሎ በየጊዜው የሚቀርበው ውድድር ነው፦ በአንድ ወር ብዙ መጣጥፍ ለጻፈ ሽልማት። ዓላማው በጎ ነው፤ በመጣጥፍ ብዛት የሚሸልም ውድድር ግን የሚያመጣው የተተረጎመ ክምር ነው፤ ወሩ ሲያልቅ ተወዳዳሪው ይሄዳል፣ ክምሩ ለቀሩት ይተርፋል። በእኔ እምነት የሚሻለው የዩኒቨርሲቲ የአማርኛና የታሪክ መምህራን ለተማሪዎቻቸው አንድ ሴሚስተር ሙሉ አንድ መጣጥፍ ብቻ መስጠታቸው ነው። ተማሪው ቀድሞ ከተጻፈ አንድ ገጽ ይጀምር፤ ሦስት የታተሙ ምንጮችን ያንብብ፣ ዓመተ ምሕረቱን ያመሳክር፣ በውይይት ገጹ ላይ ለሚነሣው ጥያቄ ይመልስ፣ መምህሩም የገጹን የለውጥ ታሪክ ከፍቶ ማን መቼ ምን እንደሠራ አይቶ ውጤት ይስጥ። ሽልማት የሚሰጥ ድርጅት ካለም መለኪያውን ይለውጥ፤ ውድድሩ ባለቀ በስድስተኛው ወር ከተሳታፊዎቹ ስንቱ አሁንም እያረሙ እንደሆነ ይቁጠርና ለእነርሱ የዳታ ወጪያቸውን ይሸፍንላቸው።